ማን ነው የፈረመው? ስለ ቅኝ ገዢ ፖሊስ ጡረታ ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

አንድ ወዳጄ ሰሞኑን «ይህን አንብበውና ደውልልኝ» ብሎ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። አነበብኩት። አልደወልኩለትም። ቁጭ ብዬ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

ጽሑፉ በእንግሊዞች ዘመን ሕንድ ውስጥ ስለተባረረ አንድ ፖሊስ ነው። ሰውዬው ጡረታውን በማጣቱ ይግባኝ ብሎ ለንደን ድረስ ተከራክሯል። ጸሐፊው ግን «ለቅኝ ገዢ ፖሊስ ማን ያለቅስለታል?» ይላሉ። ብዕራቸው ስል ነው፤ ሲነበቡ ይጥማሉ። ያሳሰበኝም እሱ ነው። ጥሩ ተደርጎ የተጻፈ ስህተት ቶሎ ይለመዳል።

ላላነበባችሁት ጉዳዩን በአጭሩ ላስረዳ። ዓመቶቹም ቀኖቹም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ፖሊሱ ራንጋቻሪ ይባላል፤ በሕንድ የማድራስ ግዛት ሰብ ኢንስፔክተር ነበር። በሥራው ላይ አጥፍቷል ተብሎ ክስ ቀረበበት። በኋላ ግን በጤና ምክንያት በጡረታ ተገለለ። ወራት አለፉ። ሰውዬው ሥራውን ትቶ ቤቱ ከተቀመጠ በኋላ ጉዳዩ እንደገና ተነሣና «ከአገልግሎት ተወግደሃል» የሚል ትእዛዝ መጣበት። ከትእዛዙ ጋር ጡረታውም ሄደ። ትእዛዙን የሰጠው ሹም ደግሞ መጀመሪያ ከሾመው ባለሥልጣን በማዕረግ ያነሰ ነበር። ራንጋቻሪ ሕንድ ውስጥ ባሉት ፍርድ ቤቶች ተከራከረ፤ አልቀናውም። በመጨረሻ ጉዳዩ ባሕር ተሻግሮ የግዛቱ የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ ወደሆነው ፕሪቪ ካውንስል ደረሰ። ፍርዱን የጻፉት ሎርድ ሮች ናቸው፤ በ1937 የፍርድ ዘገባዎች ውስጥ ይገኛል። የመባረሩ ትእዛዝ ዋጋ የለውም ተባለ።

ጸሐፊው በዚህ ፍርድ አልተደሰቱም። የመጀመሪያ ነጥባቸው ሰውዬው «ባንዳ» ነው የሚል ነው። የገዛ ወገኑን ለባዕድ የጠበቀ ሰው ባዕዱ ሲጥለው የእጁን አገኘ ይላሉ።

ይህን ስሜት እረዳለሁ። ባንዳ የሚለው ቃል በእኛ ቤት ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ። የሕንድ ፖሊስም በሕዝቡ የተወደደ አልነበረም። የ1861ዱ የፖሊስ ሕግ የወጣው ከ1857ቱ ታላቅ አመጽ ማግስት ነው፤ ሕዝቡን ጨብጦ ለመያዝ። በ1902 የተቋቋመው የፍሬዘር ኮሚሽን ራሱ፣ የእንግሊዞቹ ኮሚሽን፣ ፖሊሱ በሰፊው እንደ ሙሰኛና እንደ ጨቋኝ ይታያል ብሎ ጽፏል። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ።

ግን ጡረታውን የነጠቀው ማን ነው? የተበደለው ሕዝብ አይደለም። ያው ቅኝ ገዢው ነው። ከራንጋቻሪ የተቀነሰ አንድም ሩፒ ለተበደለ ገበሬ ካሳ አልሆነም። እዚያው የመንግሥት ካዝና ውስጥ ቀረ። ይህ የሕዝብ ፍርድ ተደርጎ ሲቀርብ ልክ አይመስለኝም።

ቅኝ ገዢው ሰውን የሚቀጣው በበደሉ መጠን ቢሆን ኖሮ ደግሞ ሌላ ነገር ባየን ነበር። በ1919 አምሪትሳር ውስጥ፣ ጃሊያንዋላ ባግ በተባለው ቦታ፣ ጄኔራል ዳየር መሣሪያ ባልያዘ ሕዝብ ላይ አስተኮሰ። የመንግሥት ቁጥር ብቻ 379 ሰው ሞተ ይላል። ዳየር ከኃላፊነቱ ተነሣ እንጂ ለፍርድ አልቀረበም። እንግሊዝ አገር አንድ ጋዜጣ አስተባብሮ ከ26,000 ፓውንድ በላይ ተዋጣለት። እሱ ወታደር ነው፣ ራንጋቻሪ ፖሊስ ነው፤ ይህ ልዩነት እንዳለ አውቃለሁ። ግን ጸሐፊው «ቅኝ ገዢ ሎሌውን ሲጥል ፍትሕ ነው» ካሉ፣ የትኛውን ሎሌ እንደሚጥልና የትኛውን እንደሚያቅፍ ማየት አለብን። የታችኛውን ነው የሚጥለው። የአገሬውን ሰው።

ባንዳ ስለሚባለው ነገር ከእኔም ከጸሐፊውም በላይ የመናገር መብት ያላቸው ሕንዶቹ ናቸው። እነሱ ምን አደረጉ? ሳርዳር ፓቴል በእንግሊዞች እስር ቤት ደጋግመው የገቡ ሰው ናቸው። ነፃነት ሲመጣ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። በ1949 ሕገ መንግሥቱ ሲረቀቅ፣ በእንግሊዝ ዘመን የተሾሙ የከፍተኛው አገልግሎት ሹማምንት የደሞዝና የጡረታ ዋስትናቸው እንዲጠበቅ ቆመው ተከራከሩ። ቃል ተገብቶላቸዋል፣ ቃል ይከበር አሉ። ራንጋቻሪን ያዳነው መርህም አልተጣለም። በ1950 በጸናው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 311 ላይ ሰፈረ፦ የመንግሥት ሠራተኛ ከሾመው ባለሥልጣን በታች በሆነ ሰው አይባረርም። እስር ቤት የከረሙት ሰዎች ይህን ጥበቃ ካልጠሉት፣ እኛ ከሩቅ ሆነን የምንጠላበት ምክንያት አይታየኝም።

ሁለተኛው ነጥባቸው ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ። «በማያገባ የወረቀት ሰበብ ነው ያሸነፈው» ይላሉ። ትእዛዙን የትኛው አለቃ እንደፈረመው ምን ለውጥ ያመጣል? ጥፋቱ ያው ጥፋት ነው፣ ነው ክርክራቸው።

አጎቴን ላንሣ። በአንድ መሥሪያ ቤት ዕድሜውን ሙሉ ሠርቷል። ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩት የስንብት ደብዳቤ ሰጡት። ደብዳቤውን ይዞ መጥቶ ምንም ሳይናገር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። አክስቴ ማንበብ አትችልም። ግን አንሥታ አየችውና መጀመሪያ የጠየቀችው «ማን ነው የፈረመው?» ብላ ነው። ምን አጠፋህ አላለችም። ለምን አላለችም። ማን ነው የፈረመው።

የፈረመው የክፍል ኃላፊው ነበር። አጎቴን የቀጠሩት ደግሞ ዋናው ሥራ አስኪያጅ ናቸው። አጎቴ ሄዶ ሲያነጋግራቸው ስለ ደብዳቤው የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ፋይሉን አስመጥተው አዩት። ደብዳቤው ተሳበ፤ አጎቴ ጡረታውን ይዞ ወጣ። ከክፍል ኃላፊው ጋር የቆየ ቂም ነበራቸው። በአንድ ኮሪደር ውስጥ ለዓመታት የሚተያዩ ሰዎች ያልተባባሉት ነገር የለም። ከላይ ያለው ሰው ያንን ኮሪደር አያውቀውም። የሚያየው ፋይሉን ነው። የሾመ ይሻር የሚለው ደንብ የሚሠራው እንዲህ ነው። ከሰውዬው ጋር የተጋፋው የቅርብ አለቃ ብቻውን እንዳይጨርሰው ነው።

በቅኝ ግዛት ፖሊስ ውስጥ ደግሞ ይህ ርቀት ከሁሉም በላይ ያስፈልግ ነበር። ሰብ ኢንስፔክተር ማለት ከታች ያለ የጣቢያ ሹም ነው። ቀን ከሌሊት በአለቆቹ እጅ ነው። ማስረጃውም፣ ምስክሩም፣ ፋይሉም በአለቆቹ እጅ ነው።

የሕጉንም ቃል እንይ። በ1919 የሕንድ መንግሥት ሕግ ውስጥ አንቀጽ 96ለ የሚባል ገባ። የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው የሚቆየው ንጉሡ እስከፈቀደ ድረስ ነው ይላል። ይህ ከባድ ቃል ነው። መርሁ ከዚህ ሕግ በፊትም የነበረ ነው፤ በእሱ መሠረት ብዙ ሰው ያለ ምንም ምክንያት ተባሯል። ደን የሚባል ሰው ለሦስት ዓመት ተቀጥሮ ኒጀር የሚባለው የእንግሊዝ ግዛት ሄዶ ጊዜው ሳያልቅ አሰናበቱት። በ1896 ፍርድ ቤት ሄዶ ተሸነፈ፤ ዘውዱ ሲፈልግ ያሰናብታል ተባለ። አንቀጽ 96ለ ይህን ሥልጣን አልነካውም። አንዲት አጥር ብቻ አበጀለት፦ ማንም ሰው ከሾመው በታች በሆነ አይባረር። ለሠራተኛው በሕጉ የተተወለት ይህቺው ናት። ጸሐፊው «የወረቀት ሰበብ» ያሏት አጥር ይህቺ ናት።

መንግሥት ምን ብሎ ተከራከረ? የማባረር ሥልጣኑ በውክልና ወደ ታች ወርዷል አለ። የሕንድ ፍርድ ቤቶችም ተቀበሉት። ለንደን ሲደርስ ግን የመንግሥቱ ጠበቃ ራሱ ይህ ክርክር እንደሚያስኬድ መጠራጠሩን ሳይደብቅ ተናገረ። ሎርድ ሮችም በውክልና ይወርዳል ከተባለ ጥበቃው ጭራሽ ይጠፋል አሉ። ከዚያ ለእኔ የፍርዱ ልብ የሆነውን ጻፉ። በራሴ አማርኛ ላስቀምጠው፦ ሕግ አታባርር ያለው ሹም ባወጣው ትእዛዝ ላይ የቆመ የጡረታ ነጠቃ የቆመው በሕገ ወጥ መሠረት ላይ ነው።

የወረቀት ሰበብና እውነተኛ ጥበቃ ያላቸውን ልዩነት ፍርድ ቤቱ ራሱ አሳይቷል። በዚያው ሰሞን፣ በዚያው ችሎት፣ ቬንካታ ራኦ የሚባል የማድራስ መንግሥት ማተሚያ ቤት ሠራተኛ ቀርቦ ነበር። የእሱ አቤቱታ ምርመራው በደንቡ መሠረት አልተካሄደም የሚል ነው። ደንቡ መጣሱን ዳኞቹ አይተዋል። ግን ደንብ ነው፣ መንግሥት ሊለዋውጠው ይችላል፣ በፍርድ ቤት የሚያስከስስ መብት አይደለም ብለው መለሱት። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ቬንካታ ራኦ ተበድሏል እላለሁ። ነገር ግን እነዚህ ዳኞች ሰበብ ፈልገው ሰው የሚያስመልጡ ዳኞች እንዳልነበሩ ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም።

ጸሐፊው ልክ የሆኑበት ቦታም አለ። «ስንቱ ኮንስታብል ለንደን መድረስ ይችል ነበር?» ብለው ይጠይቃሉ። በጣም ትክክል። ጠበቃ፣ መርከብ፣ ወረቀት፣ ዓመታት። ራንጋቻሪ ደረሰ፤ በመንገድ ላይ የቀረውን ማንም አልቆጠረውም። ግን ይህ በሩ ጠባብ መሆኑን ነው የሚያሳየው። ጠባብ በር ይስፋ ይባላል እንጂ የገባው ለምን ገባ አይባልም።

ሦስተኛው ክርክራቸው ጡረታ ስጦታ ነው የሚል ነው። «የሰጠ ይነሳል» ይላሉ። በዚያን ጊዜ ሕግ ብቻ ካየነው ብዙም አልተሳሳቱም። በ1931 የእንግሊዝ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ኒክሰን በሚባለው ጉዳይ የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታን በሕግ አስገድዶ መጠየቅ አይችልም ብሏል። በየቅኝ ግዛቱ የነበሩት የጡረታ አዋጆችም «ማንም ሹም ለጡረታ ፍጹም መብት የለውም» የሚል አንቀጽ ነበራቸው። ሕንድ ውስጥ ደግሞ የ1871 የጡረታ ሕግ ነበር። የሲቪል ፍርድ ቤት ስለ ጡረታ የቀረበ ክስ እንዳያይ ይከለክላል፤ ማየት የሚችለው የመንግሥት ሹም ምስክር ወረቀት ከሰጠ ብቻ ነው። ከሳሹ የከሳሽነት ፈቃድ የሚለምነው ተከሳሹን ነው ማለት ነው። የመባረሩ ትእዛዝ በሕግ መሠረት ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ ያን ያህል ክብደት ያገኘው ለዚህ ነው። ጡረታውን በቀጥታ ለመጠየቅ በሩ ተዘግቷል። ግን ጡረታው የተነጠቀበትን ትእዛዝ መጠየቅ ይቻል ነበር።

ሕጉ እንዲህ ማለቱን አልክድም። የምክደው ትክክል መሆኑን ነው። ስጦታ ቢሆን ለምን በአገልግሎት ዘመን ይባዛል? ለምን ከደሞዝ ላይ ይሰላል? ለሠርግ ስጦታ የሚሰጥ ሰው የሙሽራውን የሥራ ዘመን አይቆጥርም። ሠራተኛው ደሞዙ ትንሽ ሆኖ የሚቆየው መጨረሻ ላይ ያችን እይዛለሁ ብሎ ነው። አጎቴ ሌላ ቦታ የተሻለ ሥራ ሲመጣለት የሚመልሰው «ጡረታዬስ?» እያለ ነበር። ለዓመታት ሰውን በአንድ ወንበር ላይ ካስቀመጡት በኋላ «ስጦታ እኮ ነው» ማለት ደግ አይደለም።

ሕንዶቹ በኋላ ይህን አስተካከሉት። በ1971 ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ዲዮኪናንዳን ፕራሳድ በተባለ የቢሃር ሠራተኛ ጉዳይ ጡረታ ችሮታ አይደለም፣ መብት ነው፣ ንብረት ነው ብሎ ፈረደ። በታኅሣሥ 17 ቀን 1982 ደግሞ ናካራ በሚባለው ጉዳይ ይህንኑ አሰፋው። ያቺ ቀን ዛሬም ሕንድ ውስጥ የጡረተኞች ቀን ተብላ ትከበራለች።

አራተኛው ነጥብ «ቢሰሙትም ያው ይባረር ነበር» የሚለው ነው። ይህ ክርክር ሁልጊዜ የሚቀርበው ሰውየው ከተባረረ በኋላ መሆኑ ያሳዝነኛል።

የብራይተንን ጉዳይ ላስታውስ። ቅኝ ግዛት አይደለም፣ እዚያው እንግሊዝ ነው። ቻርልስ ሪጅ የከተማዋ ፖሊስ አዛዥ ነበር፤ 33 ዓመት አገልግሏል። በ1957 ፍትሕ ለማደናቀፍ አሲሯል ተብሎ ታሰረ። በ1958 መጀመሪያ ፍርድ ቤት ነፃ አወጣው፤ ሁለት መኮንኖቹ ግን ተፈረደባቸው። ዳኛውም አመራሩን ክፉኛ ነቀፉ። የከተማው ኮሚቴ መጋቢት 7 ቀን ተሰብስቦ ሪጅን ሳይጠራው አባረረው። ጡረታው ቀረ። ሪጅ ወንበሬን መልሱልኝ አላለም። የቸገረው ጡረታው ነው። በ1963 የጌቶች ምክር ቤት ችሎት፣ ያኔ የእንግሊዝ የመጨረሻው ፍርድ ቤት፣ ስንብቱን ፈራሽ አደረገው።

ለምን መሰማት ነበረበት? ኮሚቴው እኮ ሁለት ምርጫ ነበረው። ማባረር ወይም ሥራህን ልቀቅ ማለት። በሁለቱም ሰውዬው ከወንበሩ ይነሣል። ልዩነቱ ሲለቅ ጡረታው መትረፉ ነው። ስለዚህ «ያው ይሄድ ነበር» ቢባል እንኳ አይበቃም። እንዴት ሄደ የሚለው የሠላሳ ሦስት ዓመት ዋጋ አለው። ገብቶ «አመራሬ ደካማ ነበር፣ ግን አልሰረቅሁም፣ ልልቀቅ» ማለት ይችል ነበር። ያቺን ዕድል ነው የነሱት።

ከቅኝ ግዛቱ ወገን ደግሞ ኢንስፔክተር ካንዳ አለ፣ ማላያ ውስጥ። ሐምሌ 7 ቀን 1958 የፖሊስ ኮሚሽነሩ አባረረው። አገሪቱ ነፃ ከወጣች ዓመት አልሞላትም፤ አዲሱ ሕገ መንግሥት የማባረር ሥልጣኑን ለፖሊስ አገልግሎት ኮሚሽን ሰጥቶታል። የፖሊሱ አለቃ ግን እንደ ድሮው ቀጠለ። በላዩ ላይ፣ ጉዳዩን ያየው መኮንን ካንዳን የሚኮንን የምርመራ ሪፖርት ተሰጥቶት አንብቧል፤ ካንዳ ግን ሪፖርቱን አላየውም። በ1962 ፕሪቪ ካውንስል በሁለቱም ምክንያት ስንብቱን ሻረው። ሎርድ ዴኒንግ የጻፉት በአማርኛ ሲነገር፣ የመሰማት መብት ዋጋ እንዲኖረው ሰው የተከሰሰበትን ነገር ማወቅ አለበት የሚል ነው። ያላየኸውን ወረቀት እንዴት ትመልሰዋለህ?

የመጨረሻው ስጋታቸው ሙስና ነው። «ይህ ጥበቃ ሌባ ፖሊስን ያስጥላል» ይላሉ። ስጋቱ እውነተኛ ስለሆነ በአክብሮት ልመልስ። ሌባ ፖሊስ ጡረታውን ይዞ ሲሄድ የሚያንገበግብ ነገር ነው። ሆንግ ኮንግ ውስጥ ፒተር ጎድበር የሚባል የፖሊስ ከፍተኛ መኮንን ነበር። ከደሞዙ ጋር የማይገናኝ ከ4 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር በላይ ሀብት ተገኘበት። በ1973 ጡረታ ሊወጣ ሲቃረብ አገር ጥሎ ወደ እንግሊዝ ሸሸ። ሕዝቡ አደባባይ ወጣ። በ1974 ራሱን የቻለ የጸረ ሙስና ኮሚሽን ተቋቋመ፤ በ1975 ጎድበርን አስመልሰው ፍርድ ቤት አቀረቡትና አራት ዓመት ተፈረደበት።

ይህ መንገድ ምን ጎደለው? ክሱ ተነገረው፣ ማስረጃው ቀረበ፣ ሥልጣን ያለው ዳኛ ፈረደ። እኔ የምለው ይህንኑ ነው። ሌባን የሚያስጥለው ጥበቃው አይደለም። የማይገባው ሰው ባልተሰጠው ሥልጣን በችኮላ ሲፈርም ነው ሌባው የሚያመልጠው፣ ምክንያቱም ትእዛዙ ነገ ይፈርሳል። ራንጋቻሪ ጥፋተኛ ነበር ብንል እንኳ፣ እንዲያሸንፍ ያደረገው ሕጉ አይደለም። ሕጉን ያልጠበቁት አለቆቹ ናቸው።

አንዲት እርማት ቀርታኛለች፤ ጸሐፊው ቢያስተካክሏት ደስ ይለኛል። በሁለተኛው አንቀጻቸው ላይ «ከሥራ ገበታው ላይ ተባረረ» ብለዋል። ሥራ ገበታ ላይ አልነበረም። በጤና ምክንያት ከተገለለ ወራት አልፈውት ነበር። ሎርድ ሮች ይህንንም ለይተው አይተውታል፦ ከአገልግሎት በደንቡ የወጣን ሰው ከአገልግሎት አስወግጃለሁ የሚል ትእዛዝ ባዶ ወረቀት እንደሆነ ለማሳየት ማስረጃ መደርደር አያስፈልግም ብለዋል። ሰውዬው ቤቱ ነበር። የሚነጠቅ ሥራ አልነበረውም፤ ጡረታው ብቻ ነበረው።